ስትወጡ ትንሽ ይብረዳችሁ፦ በሚኒሶታ ብርድ ለሩጫ እንዴት እንደምለብስ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ዳገት በማለዳ የሮጠ ሰው ብርድ ምን እንደሆነ ያውቃል። እኔም የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ልጅ ሆኜ ከሰፈር ልጆች ጋር ጎህ ሳይቀድ እንወጣለን። በኅዳርና በታኅሣሥ ላይኛው ሜዳ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ነጭ ብሎ ይጠብቀናል። አለባበሳችን አንድ ነበር። ካናቴራ፣ ሹራብ፣ ከላይ ቱታ። ያለው ሁለት ቱታ ይደርባል። ላብ በላብ ሆነን እንወርዳለን። ብዙ ያላበው ብዙ የሠራ ይመስለን ነበር።

ያ አለባበስ እዚያ ብዙም አይጎዳም። ፀሐይ ትወጣለች፣ ረፋድ ላይ ሹራቡ ራሱ ይከብዳል፣ ላቡም እላያችን ላይ ይደርቃል። እዚህ አሜሪካ ግን ያው አለባበስ ሊያሳምመኝ ነበር። ስለዚህ ይህንን የምጽፈው በተለይ እንደ እኔ ከሞቃት ፀሐይ አገር መጥታችሁ፣ ሩጫችሁን በዊንተር ምክንያት ማቆም ለማትፈልጉ ነው።

ሚኒያፖሊስ የገባሁት በኖቬምበር 2013 ነው። ከአክስቴ ጋር ሲዳር ሪቨርሳይድ የሚባል ሰፈር እንኖር ነበር። ከቤታችን ወጣ ሲሉ ሚሲሲፒ ወንዝ አለ። በወንዙ ዳር የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሚኔሃሃ ፏፏቴ ይወርዳል። ዲሴምበር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የእንጦጦውን አለባበስ እንዳለ ለብሼ ወጣሁ። የጥጥ ካናቴራ፣ ወፍራም ሹራብ፣ ሁለት ቱታ። ስልኬ 15 ፋራናይት ይላል። በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 9 ማለት ነው። ደጃፉ ላይ ቆሜ ምንም አልበረደኝም። ደስ አለኝ።

አንድ ማይል ሳልሄድ ሞቀኝ። ሁለተኛው ላይ ላቡ በጀርባዬ ይወርድ ጀመር። ነፋሱ ከኋላዬ ስለነበር ምንም አልታወቀኝም። ሦስተኛው ማይል ላይ የጫማዬ ክር ተፈታ። ጓንቴን አውልቄ፣ ቁጢጥ ብዬ አሰርኩት። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ተነስቼ ወደ ቤት ስዞር ነፋሱ ፊት ለፊት መጣ። ካናቴራዬ በቀዝቃዛ ውሃ ተነክሮ ደረቴ ላይ የተለጠፈ ያህል ሆነብኝ። ለመሮጥ እግሬ እምቢ አለ። ስራመድ ደግሞ ባሰ።

ቤት ስደርስ ቁልፉን ከኪሴ ማውጣት አቃተኝ። ጣቶቼን ቆፈን ይዟቸው አልታዘዝ አሉ። በሁለት መዳፌ መሀል ጨብጬ፣ ክንዴን በሙሉ እያዞርኩ ነው በሩን የከፈትኩት። የላይኛውን ቱታ ሳወልቅ ደረቱ ላይ ነጭ አመዳይ ጋግሯል። እጅጌው እንደ ካርቶን ደርቆ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከሥር ያለው ካናቴራ ግን ቢጨመቅ ውሃ ይወጣዋል። ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼም መንዘፍዘፉ ቶሎ አልተወኝም።

ማታ ለእናቴ ደወልኩ። ነገሩን ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና፣ "ላብሽ ሳይደርቅ ነፋስ ላይ አትቁሚ ብዬ ስንት ጊዜ ነገርኩሽ፣ ልጄ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ከእንጦጦ ስወርድ በር ላይ ጠብቃ፣ ቱታዬን አስወልቃ፣ ጀርባዬን በደረቅ ነጠላ አሽታ፣ ሌላ ካናቴራ ሳታለብሰኝ ቁርስ አታቀርብልኝም ነበር። "ብርድ ይመታሻል" ትለኛለች። የእናት ወግ ይመስለኝ ነበር። ለካ የነገሩ ሁሉ ሥር እሱ ነው።

በብርድ ስንሮጥ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳን የአየሩ ቅዝቃዜ ብቻውን አይደለም፤ እርጥበታችን ነው። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር ወደ 25 እጥፍ በፈጠነ ፍጥነት ይወስዳል። ደረቅ ልብስ ለብሶ በውርጭ መሮጥ ይቻላል። እርጥብ ልብስ ለብሶ ግን ውርጭ በሌለበት ቀንም መንቀጥቀጥ አለ። ስለዚህ በብርድ የምንለብሰው ለመሞቅ ብቻ አይደለም። ላለማላብ፣ ላብ ከመጣም ቶሎ ከቆዳችን እንዲርቅ ነው።

ይህንን በተግባር ያሳየችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ አብረን ስንሠራ ነው የተዋወቅነው። እዚሁ ሚኒሶታ ተወልዳ ያደገች፣ ዕድሜዋ ከ60 ያለፈ፣ ዓመቱን ሙሉ የምትሮጥ ሴት ናት። አንድ ጠዋት አብረን ልንሮጥ ተቀጣጠርን። ቀና ብላ አየችኝና፣ "በረደሽ?" አለችኝ። "አልበረደኝም" አልኳት። "እንግዲያው አንዱን አውልቂ" አለችኝ። አንድ ሹራብ መኪናዋ ውስጥ ትቼ ሄድኩ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ጥርሴ ይፋጭ ነበር። አሥረኛው ደቂቃ ላይ ልክ ሆንኩ። እስከ መጨረሻውም ልክ ሆኜ ቆየሁ።

መለኪያው ይኸው ነው። ደጃፍ ላይ ቆማችሁ ሞቅ ካላችሁ፣ ብዙ ለብሳችኋል። ሰውነት ሲሮጥ እንደ ምድጃ ነው። ስልካችሁ የአየር ሁኔታ አፕ ላይ ባነበባችሁት ሙቀት ላይ በልባችሁ 15 ፋራናይት ያህል ጨምሩበትና፣ በዚያ ሙቀት በእግር ብሄድ ምን እለብስ ነበር ብላችሁ አስቡ። ቀስ ብላችሁ የምትሮጡ ከሆነ 10 ብቻ ጨምሩ። የምትፈጥኑ ከሆነ 20 ድረስ ይሄዳል።

አሁን ወደ ልብሱ። ጋቢን አስቡት። ጋቢ አራት ድርብ ነው። ሙቀቱ ያለው ከክሩ ይልቅ በድርቡ መሀል በተያዘው አየር ነው። አንድ ወፍራም ነገር ከመልበስ ብዙ ስስ ነገር መደረብ የሚሻለው ለዚህ ነው። ደግሞ ዝናብ ያገኘው ጋቢ ትከሻችሁ ላይ ተጭኖ የሚያውቅ ከሆነ፣ ጥጥ ሲረጥብ ምን እንደሚሆን ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ውሃውን ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ አይደርቅም። ስለዚህ ድርቡን ከጋቢ እንውሰድ፣ ጥጡን ግን ቤት እንተወው። ለብርድ ሩጫ ጥጥ ከካናቴራ እስከ ካልሲ፣ ከውስጥ ሱሪ እስከ ጡት መያዣ ድረስ አይሆንም። የምገዛውን ልብስ ሁሉ ገልብጬ መለያውን አነባለሁ። ከግማሽ በላይ ጥጥ ካለው እመልሰዋለሁ።

ከቆዳ ጋር የሚነካካው የመጀመሪያው ድርብ ከሁሉም ይበልጣል። ገንዘብ ካላችሁ እዚህ ላይ አውጡት። ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ ፖሊስተር ነው። ርካሽ ነው፣ ላብን ወደ ውጭ ይገፋል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ግን ይሸታል። ሁለተኛው ሜሪኖ የሚባለው ስስ የበግ ሱፍ ነው። አይኮሰኩስም፣ ሽታ አይዝም፣ ትልቁ ነገር ደግሞ ረጥቦም ቢሆን ሙቀት አይለቅም። እኔ ከ20 ፋራናይት (ከዜሮ በታች 7 ሴልሺየስ) በላይ ሲሆን ፖሊስተር፣ ከዚያ በታች ሲሆን ሜሪኖ እለብሳለሁ። ከሰውነት ጋር ልክክ ማለት አለበት። ሰፊ ከሆነ ላቡን አይነካውም፣ ካልነካው ደግሞ አይወስደውም።

ሁለተኛው ድርብ ሙቀት ያዥ ነው። ስስ ፍሊስ (ለስላሳ፣ ፀጉራም ሰው ሠራሽ ጨርቅ)፣ ወይም ውስጡ ለስለስ ያለ የሩጫ ሹራብ። አንገቱ ላይ ዚፕ ያለውን ምረጡ። ይህች ዚፕ ትንሽ ነገር ትመስላለች። እኔ ግን በአንድ ሩጫ ውስጥ አምስት ስድስት ጊዜ አወጣታለሁ፣ አወርዳታለሁ። ዳገት ላይ ከፈት፣ ቁልቁለት ላይ ዘጋ። ነፋስ ከኋላ ሲሆን ከፈት፣ ወደ ፊት ሲመጣ ዘጋ። ላብ ከመጀመሩ በፊት ሙቀቱን የማስወጣው በእሷ ነው።

ሦስተኛው ነፋስ የሚመልስ ስስ ጃኬት ነው። እዚህ ላይ ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ውሃ ጨርሶ የማያስገባውን፣ እንደ ላስቲክ ያለውን ይገዛል። እሱ ውሃ አያስገባም፣ ላብም አያስወጣም። ውስጡ ሻወር ቤት ይሆናል። ሚኒሶታ ውስጥ በጃንዋሪ ዝናብ እምብዛም የለም፤ በረዶው ደረቅ ነው፣ አራግፈውት ይወርዳል። ስለዚህ ነፋስ ብቻ የሚመልስ፣ ተጣጥፎ ኪስ የሚገባ ስስ ጃኬት ይበቃል። ጀርባው ላይ የአየር መውጫ ካለው ደግሞ እሰየው።

እርጥብ ብርድ ላለበት አገር፣ ለምሳሌ ለንደን ወይም ሲያትል ላላችሁ፣ ነገሩ ይለያል። ዝናብ የሚመልስ ጃኬት ያስፈልጋችኋል። በ2018 የተካሄደውን የቦስተን ማራቶን አስታውሱ። ሙቀቱ ከዜሮ በላይ ነበር፣ 3 ሴልሺየስ ገደማ። ግን ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርድ ነበር፣ ነፋሱም ፊት ለፊት ነበር። ለረጅም ርቀት ስትመራ የነበረችው የእኛዋ ማሚቱ ዳስካ ተደርሶባት ወደ ኋላ ቀረች። ከታላላቆቹ አፍሪካውያን ሯጮች ብዙዎቹ አቋረጡ። ያሸነፈችው ዴዚሬ ሊንደን ጃኬቷን ለብሳ ነበር የምትሮጠው። ያን ቀን ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብዬ፣ የነዚያን ልጆች ራቁት ክንድ እያየሁ፣ ሰውነቴ የዲሴምበሩን ቅዳሜ አስታወሰ። ሰው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ውሃና ነፋስ ሲተባበሩበት አቅም ያጣል።

ወደ እግር እንውረድ። ጭንና ባት ሲሠሩ ራሳቸውን ያሞቃሉ። ስለዚህ ከወገብ በታች ብዙ አያስፈልግም። እስከ 20 ፋራናይት ድረስ አንድ ታይት ይበቃኛል። ከዚያ በታች ውስጡ ለስላሳ የሆነውን ወፍራም ታይት እለብሳለሁ። ወደ ዜሮ ፋራናይት (ከዜሮ በታች 18 ሴልሺየስ) ሲጠጋ፣ ከላይ ነፋስ የሚመልስ ስስ ሱሪ እደርባለሁ። የቱታ ሱሪም ይሆናል፣ ጥጥ ካልሆነ። ለወንዶች አንድ ነገር ልበል፣ ማፈር አያስፈልግም። ከፊት ለፊት ነፋስ የማያሳልፍ ጨርቅ የተሰፋበት የሩጫ የውስጥ ሱሪ አለ። ግዙት። ያለሱ በነፋስ የሮጠ ሰው ሕመሙን አይረሳውም። ለሴቶች ደግሞ፣ ከሁሉም በላይ ላብ የሚይዘው የስፖርት ጡት መያዣ ነው። ቤት ስንገባ መጀመሪያ መውለቅ ያለበትም እሱ ነው።

እጅ ላይ ጊዜ ልውሰድ። ቆፈን የጀመረው እጅ ሩጫውን ሁሉ ያበላሻል። ዚፕ አይከፍትም፣ ስልክ አይነካም፣ ቁልፍ አያዞርም። ጣት ጣቱ የተለያየ ጓንት ቆንጆ ነው፣ ግን እያንዳንዱ ጣት ለብቻው ይቀዘቅዛል። አራቱን ጣቶች አንድ ላይ የሚይዘው፣ አውራ ጣት ብቻ የሚለየው ጓንት በጣም ይሻላል። ጣቶቹ እርስ በርስ ይሞቃቃሉ። እኔ ከ15 ፋራናይት በታች ሁለቱንም አደርባለሁ። ከውስጥ ስስ ባለ አምስት ጣት፣ ከላይ አራቱን የሚያቅፈው። ዚፕ መንካት ሲኖርብኝ የላይኛውን ብቻ አወልቃለሁ፣ ባዶ እጄ አየር አያየውም። ደግሞ አንድ ልማድ ያዙ። ጓንቱን ከቤት ሳትወጡ፣ እጃችሁ ገና ሙቅ ሳለ አድርጉት። ጓንት ሙቀት አይሠራም፣ ያለውን ይይዛል እንጂ። የቀዘቀዘ እጅ ጓንት ውስጥ ቢገባ እንደቀዘቀዘ ይቆያል።

ጆሮና ራስ። እስከ 30 ፋራናይት ድረስ ጆሮ የሚሸፍን ማሰሪያ ይበቃኛል፣ መሀል አናቴ ይተነፍሳል። ከዚያ በታች ስስ ኮፍያ። ሹሩባ የምትሠሩ፣ ፀጉራችሁም ብዙ የሆነ፣ የተለመደው ኮፍያ ከጆሯችሁ በላይ ሆኖ እየተንሸራተተ ያስቸግራችኋል። ባፍ የሚባለውን ቱቦ መሳይ ጨርቅ እንደ ሻሽ አጥልቃችሁ፣ ከላይ ማሰሪያውን አድርጉበት። አይወርድም። ፀጉር ታጥባችሁ ከሆነ ሥሩ ድረስ ሳይደርቅ አትውጡ። አንድ ጊዜ ቸኩዬ ወጥቼ ስመለስ የሹሩባዬ ጫፎች ደርቀው እርስ በርስ ሲጋጩ ኳ ኳ ይሉ ነበር።

ለፊት ደግሞ ሁለተኛ ባፍ አንገቴ ላይ ይኖራል። ነፋስ ሲመጣ እስከ አፍንጫዬ አወጣዋለሁ። ትንፋሽ ስለሚያረጥበው ከሃያ ደቂቃ በኋላ አፌ ጋ ያለው ይረጋል። ያኔ አዙሬ ደረቁን ጎን ወደ ፊት አመጣለሁ። ሽፋሽፍቴ ላይ ነጭ በረዶ ይጠራቀማል፣ ጓንት ባደረገ እጄ ለሰከንዶች ስይዘው ይቀልጣል፤ መጎተት አይገባም። ቫዝሊን ከንፈርና ጉንጭ ላይ እቀባለሁ። ግን ይህ እንዳይሰነጠቅ ነው። ውርጭ ቆዳን እንዳይመታ ቫዝሊን አይከላከልም፤ ያንን የሚከላከለው ጨርቅ ነው።

ውርጭ ቆዳን ሲመታ እንዴት እንደሚታወቅ በተለይ እኛ ማወቅ አለብን። እዚህ አገር የሚሰጠው ምክር "ቆዳው ይቀላል፣ ከዚያ ይነጣል" ይላል። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ አይታይም። አመድማ ወይም ገርጣ ያለ ቦታ ታያላችሁ፣ ሲነካ ጠንከር ይላል። ከሁሉ የሚቀድመው ስሜቱ ነው። የሚያመው ጆሮ ወይም የጣት ጫፍ በድንገት ማመሙን ካቆመ፣ ዳነ ማለት አይደለም፤ ደነዘዘ ማለት ነው። ወዲያው ወደ ቤት ግቡ። አትሹት፣ በበረዶም አትሹት፣ ምድጃ ላይም አታስጠጉት። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ፣ ሌላ ሰው በክርኑ ሲነካው በማያቃጥል ውሃ ውስጥ፣ ቀስ ብሎ ይሙቅ። ስሜቱ ካልተመለሰ ወይም ውሃ ከቋጠረ ሐኪም ጋ መሄድ ነው።

ጫማና ካልሲ። ወፍራም ካልሲ ሁለት ደርቦ ጫማ ውስጥ መጠቅጠቅ ሁላችንም የሞከርነው ስህተት ነው። እግር ሲጨናነቅ ደም አይደርሰውም፣ ደም ካልደረሰው አይሞቅም። አንድ መካከለኛ የሱፍ ካልሲ፣ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን፣ ታይቱን የሚነካ። ጣቶቻችሁ ጫማው ውስጥ መጫወት መቻል አለባቸው። የሩጫ ጫማ ፊቱ ወንፊት ስለሆነ ነፋስ ይገባዋል። ለዊንተር ብቻ ግማሽ ቁጥር ከፍ ያለ፣ ፊቱ ደፈን ያለ የገጠር መንገድ ጫማ ይዣለሁ።

የማያንሸራትት ነገርም ያስፈልጋል። አዲስ የወረደ በረዶ አያስፈራም። የሚያስፈራው ቀን ቀልጦ ማታ የረጋው ነው። እንደ መስታወት ነው፣ ጨለማ ውስጥ አይታይም። ያክትራክስ የሚባለው ጫማ ላይ የሚጠለቅ ጎማ ከብረት ጥምዝ ጋር ይሸጣል፣ ይሠራል። እኔ ግን ያረጀ ጫማዬን አውጥቼ፣ የአክስቴ ልጅ ሶሉ ላይ አጫጭር ቪቴ በትራፓኖ አሰረልኝ። ርዝመታቸው ሴንቲሜትር የማይሞላ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ራስ ያላቸው፣ ዙሪያውን እንጂ መሀሉን ሳይነኩ። በረዶው ላይ ይነክሳሉ። ይህ እዚህ የቆዩ ሯጮች የድሮ ዘዴ ነው። ከዚያ በተረፈ እርምጃችሁን አሳጥሩ። ፍጥነት ለበጋ ይቆይ።

አየሩን ስታነቡ ሙቀቱን ብቻ አትዩ። ነፋሱን ጨምሮ የሚሰማውን ቁጥር ተመልከቱ። 10 ፋራናይት ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 15 ማይል ከሆነ፣ ራቁት ቆዳ ላይ ከዜሮ በታች 7 ፋራናይት ያህል ይሰማል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች 19 ፋራናይት (ከዜሮ በታች 28 ሴልሺየስ) ሲደርስ፣ የተራቆተ ቆዳ በ30 ደቂቃ ውስጥ በውርጭ ሊመታ ይችላል። የእኔ ወሰን ከዜሮ በታች 20 ፋራናይት ነው። ከዚያ ከወረደ አልወጣም። ጃንዋሪ 30 ቀን 2019 እዚህ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 28 ፋራናይት ደርሶ ነበር። ፖስታ ቤት እንኳ ደብዳቤ ማደል ያቆመበት ቀን ነው። እንዲህ ያለ ቀን ትሬድሚል ነው፣ ወይም እረፍት።

መንገድ አመራረጣችሁም የአለባበሱ አካል ነው። ሁልጊዜ ስትወጡ ወደ ነፋሱ ሩጡ፣ ስትመለሱ ከኋላ ይምጣ። እኔ ያን ቅዳሜ ተቃራኒውን ነው ያደረግኩት። እዚህ የዊንተር ብርድ ነፋስ ብዙውን ጊዜ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣል። ስለዚህ ዛሬ ወደ ሰሜን እጀምራለሁ። በጣም በሚበርድ ቀን ደግሞ ሩቅ አልሄድም፣ ኖኮሚስ ሐይቅን እዞራለሁ። ምንጊዜም ከመኪናዬ ብዙ አልርቅም። ስልክ በውጭ ኪስ አትያዙ፣ ባትሪው በብርድ ይሞታል። ከሁለተኛው ድርብ ሥር፣ ሰውነት አጠገብ ይሁን። በዲሴምበር መጨረሻ ፀሐይ የምትወጣው 8 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ስለሆነ (በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ)፣ ብዙዎቻችን በጨለማ ነው የምንሮጠው። የሚያንጸባርቅ ሰደርያና የግንባር መብራት ያስፈልጋል። የበረዶ ክምር መንገዱን ሲያጠብ ሾፌሩ አያያችሁም።

እኔ ምን እንደምለብስ በአጭሩ ልንገራችሁ፤ እናንተ ከራሳችሁ ጋር አስማሙት። 50 ፋራናይት (10 ሴልሺየስ) ላይ ባለ አጭር እጅጌ ካናቴራና ታይት ብቻ። እንጦጦ ላይ በዚህ ብርድ ሁለት ቱታ እለብስ ነበር። 35 ላይ ባለ ረጅም እጅጌ፣ ስስ ጓንት፣ የጆሮ ማሰሪያ። 25 ላይ ከዚያው ላይ ስስ ጃኬት፣ ኮፍያ። 10 ላይ ሦስቱም ድርብ፣ ወፍራም ታይት፣ ሁለቱ ጓንት፣ ባፍ። ከዜሮ በታች 5 ላይ የታይቱ ላይ ሱሪ ይጨመራል፣ ከዓይኔ በቀር የሚታይ ቆዳ የለም።

ይህ ሁሉ ውድ እንዳይመስላችሁ። የሜሪኖ ሹራቤን ያገኘሁት ጉድዊል ከሚባለው የልባሽ ልብስ መደብር ነው፣ ከ10 ዶላር ባነሰ። ሰው ለስጦታ ተቀብሎ ሳይለብስ የሚሰጠው ብዙ አለ። መለያውን ማንበብ ብቻ ነው። ሱፉን በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት፣ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ አታስገቡት፣ ይኮማተራል። ፖሊስተሩን ስታጥቡ ማለስለሻ አትጨምሩበት፣ ላብ የመሳብ ኃይሉን ይቀንሰዋል።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ለምታነቡ፣ ሱሉልታም ሆነ ሰንዳፋ ማለዳ ለምትወጡ፣ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። በፌስታል ደረቅ ካናቴራ ያዙ። ሩጫው እንዳለቀ፣ ሰርቪሱ ውስጥ ሳትቀመጡ፣ ጨዋታ ሳትጀምሩ ቀይሩ።

እኔም እዚህ የማደርገው ያንኑ ነው። ቤት ስገባ አልቀመጥም፣ ስልክ አላይም። ከወገብ በላይ ያለውን ሁሉ አወልቃለሁ። በፎጣ ጀርባዬን አሻለሁ፣ እናቴ እንደምታደርገው። ደረቅ ሹራብ እለብሳለሁ። ከመውጣቴ በፊት የጣድኩት አጥሚት በቴርሞስ ይጠብቀኛል፣ በሁለት እጄ ይዤ ቀስ ብዬ እጠጣለሁ። ከዚያ ልብሶቹን አንድ በአንድ ገልብጬ እዳስሳለሁ። ጃኬቱ ውስጡ እርጥብ ከሆነ፣ አንድ ድርብ በዝቶ ነበር። ሹራቡ ጀርባው ላይ ብቻ ረጥቦ ከሆነ፣ ዚፑን ዘግይቼ ነው የከፈትኩት። ማቀዝቀዣው በር ላይ የተለጠፈች ትንሽ ደብተር አለችኝ፣ እዚያ ላይ ቀኑን፣ ሙቀቱን፣ ነፋሱን፣ የለበስኩትን እጽፋለሁ። የትናንቱ እንዲህ ይላል፦ "8 ፋራናይት፣ ነፋስ 12። ሜሪኖ፣ ፍሊስ፣ ስስ ጃኬት። ጀርባ ደረቅ። ግራ አውራ ጣት ከአራተኛው ማይል ጀምሮ ቀዝቅዟል። የግራው ጓንት ስፌቱ ለቋል፣ ዛሬ ማታ ይሰፋ።"